ድንጋይ አይወጋም

ሐፍሳ ዩሱፍን ዛሬም እንቅልፍ እንቢ ብሏታል፤ የዛሬው እንቢታ ግን ደስ የሚል ነው። ዓርብ ነው። የሻርጃ ፀሐይ ከመጋረጃው ሾልካ አልጋው ላይ ወጥታለች፣ ቢሮ የለም፣ አለቃ የለም፣ በዚህ ዓረብ አገር እንደ ሰው ጠግቦ መተኛት የሚቻልበት ቀን ነው፣ እሷ ግን በጀርባዋ ተንጋላ ስልኳን ደረቷ ላይ አስቀምጣ ጣሪያውን ታያለች። ባሕር ዳር ላይ ዛሬ የአባቷ ጀሶ ይፈታል። ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ቀኝ እግራቸውን ቀጥ አድርጎ የያዘው ጀሶ ይወልቅና ጉልበታቸው ወይ ይታጠፋል ወይ አይታጠፍም። ሐኪሙ "መገጣጠሚያው ውስጥ መግል ገብቶ ስለነበር ደርቆ ሊቀር ይችላል፣ ካሁኑ ልባችሁን አዘጋጁ" ብሎ ነግሯቸዋል። ይበል፣ ሙያው ነው። እሷ ግን ልቧን አላዘጋጀችም። ባሕር ተሻግራ፣ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ፣ በስልክ ብቻ ያንን ጉድ ከአባቷ ጉልበት ያስወጣች ሴት ምን ብላ ልቧን ለሽንፈት ታዘጋጃለች! አሸንፋለች፤ የቀረው ድሉን በዓይን ማየት ብቻ ነው ትላለች ለራሷ፣ ከዚያ ትገላበጣለች፣ ስልኩን ታያለች፣ ማንም አልደወለም፣ መልሳ ደረቷ ላይ ታስቀምጠዋለች።

ሥራዋ ምን እንደሆነ እናቷ ሙኒራ እስከ ዛሬ አልገባትም። "ታዲያ በሽተኛውን ታይዋለሽ?" ትላታለች በስልክ። "አላየውም እማ። ሐኪሙ የጻፈውን አነባለሁ፣ ያነበብሁትን ቁጥር አደርገዋለሁ፣ ቁጥሩ ኢንሹራንስ ይሄዳል።" "በሽተኛውን ሳታዪ?" "ሳላየው።" "እንግዲህ አላህ ያግዝሽ" ትልና ወሬ ትቀይራለች። እውነቷን ነው፣ ለሰሚ ግራ ነው። አንድ ሰው ጉልበቱ ቆስሎ ይመጣል፣ ሐኪሙ ያክመዋል፣ ያከመውን ይጽፋል፣ ጽሑፉ ሐፍሳ ኮምፒውተር ላይ ይወርዳል፣ እሷ ኮድ ትሰጠዋለች። የጉልበት ክፍት ቁስል ብሎ ዝም ማለት ግን አይቻልም። የቀኝ ነው የግራ? ተሰንጥቋል፣ ተወግቷል ወይስ ተነክሷል? ውስጡ የቀረ ባዕድ ነገር አለ ወይስ የለም? መጀመሪያ መምጣቱ ነው ወይስ ለክትትል ነው? ደግሞ ምን አደረሰበት፣ የት ሳለ፣ ምን ሲሠራ? ለእያንዳንዱ መልስ ፊደልና ቁጥር አለው፤ አንዷ ከጎደለች ካርዱ ከክፍል እንደተባረረ ተማሪ ተመልሶ ይመጣል። መገመት አይፈቀድላትም። የጎደለ ሲኖር ሐኪሙን በጽሑፍ ትጠይቃለች፣ ያውም መልሱን አፉ ላይ ሳታስቀምጥለት። "ውስጡ የሆነ ነገር ቀርቶ ነበር አይደል?" ብትል ማስጠንቀቂያ ይደርሳታል፤ "እባክዎ ባዕድ ነገር መኖር አለመኖሩን ይግለጹ" ነው የሚባለው። እንደመጣች ሰሞን ይኼ ሁሉ ዕብደት መስሏት ነበር፤ ሰው ጉልበቱን አሞት ይኼ ሁሉ ጥያቄ ለምኑ ነው? ኋላ ኋላ ወደደችው። ባደገችበት ቤት እንዲህ አድርጎ የሚጠይቅም የሚመልስም ሰው አልነበረምና።

ባደገችበት ቤት ሁሉም ሰላም ነው። እሷ ከአገር ከወጣች ወዲህማ ሰላሙ ብሶበታል። አክስቷ የሞተች ጊዜ እንኳ "አክስቴን አገናኙኝ" ስትል ገበያ ሄዳለች፣ ተኝታለች፣ ሰርግ ሄዳለች፣ ስልኳን ውኃ ገብቶበታል ሲሏት ረመዳን መጣ፣ ዒድም አለፈ፤ የሞተች ሴት በሕይወቷ ዞራው የማታውቀውን ባሕር ዳርን ስትዞር ከረመች። ክፋት አይደለም። በሰው አገር ብቻዋን ላለች ልጅ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ማን ይይዛታል፣ ማን ውኃ ያጠጣታል፣ ከእነማን ጋር ታለቅሳለች? ፍቅር ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ያንን ፍቅር እያሰበች ታዝናለች፣ ትናደዳለች፣ እነሱ ዘንድ ባለመኖሯ ደግሞ ጥፋቱ የእሷ ይመስላታል። አጠገባቸው ብትሆን ማን ይዋሻት ነበር?

የአባቷ ነገር የተጀመረው በወንበር ነው። ዩሱፍ ጀልባ ሠሪና ዓሣ አጥማጅ ናቸው፣ ወንበር አይወዱም፤ ስልክ ሲያወሩ ሐይቁ ዳር ወዲያ ወዲህ እያሉ፣ ድምፃቸው በራሱ ጉልበት ሻርጃ መድረስ ያለበት ይመስል እየጮኹ ነው። አንድ ዓርብ በቪዲዮ ስታያቸው ወንበር ላይ ናቸው። በሚቀጥለውም ወንበር ላይ ናቸው። ከሲታ ሆነዋል።

"አባ፣ ምነው ቁጭ አሉ?"

"ሰው ቁጭ አይልም እንዴ?"

"እስቲ ቆመው ያናግሩኝ።"

"አዛዥ ሆነሽ መጣሽብኝ? ለነስረዲን ልስጥሽ።"

ወንድሟ ነስረዲን "ትንሽ ጭረት ናት፣ አታካብጂ" አላት። እናቷ "ድንጋይ አደናቅፏቸው ነበር፣ አልሐምዱሊላህ ድነዋል" አለቻት። አባቷ ስልኩን መልሰው ነጥቀው "የምን ጭረት? ምንም የለም!" አሉ። ጭረት አለ፣ ጭረት ድኗል፣ ጭረት የለም። እንዲህ ያለ ካርድ ቢሮ ቢመጣባት ያለ ርኅራኄ ትመልሰው ነበር። ስልኩ ሲዘጋ ወዲያው ለዜማ ደወለች።

ዜማ ማለት ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ አካባቢ ከሐፍሳ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ፣ በአንድ ፍራሽ ተኝታ የተማረች ጓደኛዋ ናት፤ አሁን ሐይቁ አቅራቢያ ባለ ክሊኒክ ጤና መኮንን ሆናለች፣ የሐፍሳ ቤተሰብም ጉንፋን እንኳ ሲይዘው ወደ እሷ ነው የሚሮጠው። ያን ዕለት ዜማ ስልኩን ስታነሳ ተነፈሰች፣ ሲጠብቁት የቆዩት ጥሪ ሲመጣ እንደሚተነፈሰው።

"አባትሽ፣ ከጠየቀችሽ ንገሪያት ብለውኛል" አለች። "ግን ድንጋይ መሆኑን ብቻ ነው የፈቀዱልኝ።"

"አንቺ ምን ብለሽ ጻፍሽ?"

"የነገሩኝን ነዋ። ቀኝ ጉልበት፣ ድንጋይ ላይ መውደቅ። አጠብሁት፣ የመንጋጋ ቆልፍ መርፌ ወጋኋቸው፣ መድኃኒት ሰጠሁ። ይደርቃል፣ ደግሞ ያብጣል። ይደርቃል፣ ደግሞ ያብጣል። አሁን ትኩሳትም ጀምሯቸዋል። ሆስፒታል ሄደው ራጅ ይነሡ ብላቸው፣ ወንዛዬ ሄጄ ፍል ውኃ እገባለሁ ይሉኛል።"

"መግሉ መገጣጠሚያው ውስጥ ከገባስ?"

"እግራቸውን ነዋ፣ ሐፍሳ። አልዋሽሽም። ካልፈጠኑ እግራቸውን ሊያጡ ይችላሉ።"

ሐፍሳ አላለቀሰችም፤ አፏ በራሱ ሥራውን ጀመረ። "ቁስሉን ንገሪኝ። ስንጥቅ ነው?" "አይደለም፣ ቀዳዳ ናት። ከጉልበቱ ሎሚ ወደ ውስጥ በኩል፣ ሽንብራ የማታክል።" "ዙሪያው ተልጧል? አፈር፣ ጠጠር?" "ምንም። ዙሪያው ንጹሕ ነበር።" ሐፍሳ "ዜማ፣ ድንጋይ ይልጣል" አለች። "ድንጋይ ይሰነጥቃል" አለች ዜማ። "ድንጋይ አይወጋም" አሉ፣ ማን እንደቀደመ አይታወቅም። "እኔም ሲከነክነኝ ነው የከረመ" አለች ዜማ ቀጥላ፣ "ሌላ ነገር እንዳለ ስጠይቃቸው ግን ፊታቸውን አዙረው ስለ ዝናቡ ያወሩኛል። አንቺ ካላወጣሽው የሚያወጣው የለም።"

ምን ወጋቸው? ሚስማር ቢሆን ይናገሩ ነበር፤ ጀልባ ሠሪ ሚስማር ቢወጋው ወግ ነው። መንጠቆ ቢሆን ይናገሩ ነበር። ሐይቅ ላይ ያረጀ ሰው የማይናገረው ምንድን ነው? ሐፍሳ ልጅ ሆና ጀልባው ላይ ተቀምጣለች፣ ነስረዲን ከጎኗ ነው፣ መረቡ እየተጎተተ ነው፣ አባቷ አምባዛውን ከነጢሙ አንጠልጥለው ያሳዩዋቸዋል። አምባዛ ቅርፊት የሌለው፣ ትልቅ፣ ክፉ ዓሣ ነው፤ ከግራና ከቀኙ እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው እሾህ አለው፣ ሲቆጣ ይዘረጋዋል። አባቷ ጭንቅላቱን በዱላ ይሉታል፣ ግራውን እሾህ ቀጭ፣ ቀኙን ቀጭ። "ሁለቱንም ሳትሰብሩ ጀልባ ውስጥ እንዳትንበረከኩ። ለማጅ ነው አምባዛ ላይ የሚንበረከክ!" ይህን የረሳ ሰው በወደቡ ሁሉ ይሳቅበታል፣ ስም ይወጣለታል፣ ስም አውጪው ደግሞ ሌላ ማንም ሳይሆን ዩሱፍ ናቸው። አንዱን ምስኪን "አምባዛ የሳመው" ብለውት ሰውዬው ዓመቱን ሙሉ በሌላ ወደብ ሲወርድ ከረመ። ሐፍሳ ያን ዕለት ይኼ ትዝ ሲላት አልጋዋ ላይ ተነሥታ ተቀመጠች፣ ብቻዋን ሳቀች፣ ሳቁ ሳያልቅ እንባ መጣ። ሰው ለቅጽል ስም ብሎ እግሩን ይሰጣል? የእሷ አባት ይሰጣሉ።

ፊት ለፊት ብትጠይቃቸው አይሆንም። አንዴ "አይደለም" ካሉ አለቀ፣ ዩሱፍ ቃላቸውን አያጥፉም። ስለዚህ ዙሪያውን መሄድ ነበረባት፤ አሁን ስታስበው ያንን ስልክ የደወለችው እሷ ሳትሆን ከእሷ የበለጠች ደፋር ሴት ትመስላታለች።

"አባ፣ ስለ ሥራዬ ጠይቀውኝ አያውቁም።"

"ምኑን ልጠይቅሽ? ቁጥር ነው አልሽ።"

"ቁጥር ነው። ሰውን የሚጎዳ ነገር ሁሉ ቁጥር አለው። ከመሰላል ለወደቀ አለው። ውሻ ለነከሰው አለው።"

"ደግ።"

"ላም ለረገጠችውም አለው።"

"ለላምም?" ሳቁ፣ ሲስቁ እግራቸውን አንቀሳቅሰው ኖሮ ጥርሳቸውን ነከሱ።

"ዓሣ ለጎዳውም አለው።"

ሳቁ ቆመ። ከበስተጀርባ የነስረዲን መዶሻ ይሰማል። በሥራዋ ቢሆን ይህች ጥያቄ ማስጠንቀቂያ ታስጽፍባታለች፤ መልሱን አፋቸው ላይ ከነማንኪያው ነው ያደረገችው። ማስጠንቀቂያው ይምጣ።

"ለዓሣ?" አሉ አባቷ።

"ለዓሣ። ለነከሰው ሌላ፣ ለመታው ሌላ፣ በሌላ መንገድ ለጎዳውም ሌላ። ፈረንጅ ተሰብስቦ፣ መክሮ ያወጣው ቁጥር ነው። በአንድ ሰው ብቻ የደረሰ ነገር ቢሆን ቁጥር ያወጡለት ነበር፣ አባ? ስንቱን ቢጎዳው ነው?"

"ፈረንጁንም?"

"ፈረንጁንም።"

መዶሻው ይመታል፣ ይመታል። አባቷ ወደ ስልኩ ጠጋ አሉ፣ ፊታቸው የስልኳን መስኮት ሞላው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፣ እኒያ ሻርጃ ድረስ የሚጮኹ ሰው።

"ሐፍሴ።"

"አቤት አባ።"

"ለአምባዛስ አለው?"

አለው አባ፣ አለው፣ አለው! እንዴት እንደጮኸች አታውቅም። እሳቸውም አንዴ ከተከፈተ አይቀር ብለው አወጡት፤ ድንግዝግዝ ነበር፣ መረቡ ከብዶኝ ነበር፣ አንዱን እሾህ ሰበርሁ፣ ሁለተኛውን ሳላየው ተንበረከክሁበት፣ ሲነቀል ጫፉ የለም፣ ውኃ ውስጥ ወድቋል ብዬ ተውሁት። "ውኃ ውስጥ አልወደቀም፣ አባ" አለቻቸው። "እርስዎ ዘንድ ነው ያለ። አሁኑኑ ዜማ ጋ ይሂዱ።" መዶሻው ቆሟል። ነስረዲን ከኋላ "አምባዛ ነው?" ሲል ተሰማ፣ እናቷ ደግሞ "ዝም በል፣ ባጃጅ ጥራ!" ስትለው።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ደጋግማ ብታስበው አትጠግበውም። ዜማ ራሷ አብራ ሆስፒታል ሄደች፤ ራጁ ላይ ከጉልበቱ ሎሚ ሥር አንዲት ስስ ነጭ መስመር ታየች፣ በዚያው ዕለት ተከፍቶ ታጠበ፣ እሾሁም ወጣ። ዜማ ካርዱን በስልክ ስታነብላት ሐፍሳ ቢሮ ነበረች፣ ኮሪደር ላይ ወጥታ በአንድ እጇ ጆሮዋን ደፍና ትሰማለች። ቀኝ ጉልበት፣ በጀልባ ላይ ዓሣ ሲያጠምዱ የተወጋ ክፍት ቁስል፣ ባዕድ ነገር ያለበት፣ የአምባዛ እሾህ ስባሪ ወጥቷል። አንድ የጎደለ ነገር የለውም! በሕይወቷ እንዲህ ያለ ቆንጆ ጽሑፍ አልሰማችም፤ እየሰማች እዚያው በሆዷ ኮድ ሰጠችው፣ እንባዋ እየወረደ። አባቷም ከሰመመን እንደነቁ መጀመሪያ የጠየቁት ቁጥሩን ነው። ደብልዩ ሃምሳ ስድስት ብላ ጀመረችላቸው፣ እስከ መጨረሻው አጠኑት። ሊጠይቃቸው ለሚመጣ ሁሉ "ይኼ በዓለም የታወቀ ነገር ነው፣ ቁጥር አለው" እያሉ ያነበንባሉ። ሰው ይስቃል ብለው የፈሩት ሰው መሳቁስ ሳቀ፤ ግን ስቆ ስቆ አንዱ ሱሪውን ሰበሰበ፣ አንዱ እጅጌውን ጠቀለለ። ከደቅ ደሴት ዓሣ ይዞ የሚመጣው፣ አካሉ የሚባለው ሰው፣ ቁርጭምጭሚቱን አውጥቶ "ይኼውልህ ዩሱፍ፣ ሚስማር ነው ብዬ ነው እኔ የኖርሁት፣ ሚስቴ እስከ ዛሬ ሚስማር ነው የሚመስላት" አለ። ወደቡ ሙሉ ድንጋይ የወጋው፣ ሚስማር የወጋው፣ ሽቦ የወጋው ሰው ነበር ለካ። ነስረዲን ይህን ሲያወራላት ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ።

እንዲህ ስትል ሰዓቱ ሄዷል፣ ቀትርም አልፏል። ፀሐይዋ ከአልጋው ወርዳ ወለሉ ላይ ናት። ለምን አይደውሉም? ደርቆ ቀርቶ ይሆን? ደርቆ ቢቀር ይነግሯታል ወይስ እንደ አክስቷ ገበያ ሄደዋል ይሏታል? አይሏትም፣ ከእንግዲህስ አይሏትም፤ እናቷ ባለፈው "ካሁን ወዲያ አንቺን መዋሸት አይሆንልንም፣ ጉልበት ውስጥ ያለውን ታያለሽ" ብላታለች። እንዲያም ሆኖ ይጨንቃታል። እዚያ ብትሆን ኖሮ ክንዳቸውን ትይዝ ነበር፣ ጫማቸውን ታስር ነበር። እዚህ ሆና የያዘችው ስልክ ነው። ስልኩ ደግሞ ይኸው ይንቀጠቀጣል፣ የነስረዲን ስም ነው፣ ጣቷ ሁለት ጊዜ ስቶ በሦስተኛው ያነሳዋል።

"ታጠፈ?"

"ሐኪሙ ትንሽ አጠፈው። ሌላውን በራስዎ ነው የሚያመጡት አላቸው፣ ቀስ እያሉ፣ በወር በሁለት ወር። እሳቸው ቤትም አልገባ አሉ። ባሕሩ ዳር ነን፣ እዪ።"

አየች። የዐስር ሶላት ደርሷል። አባቷ ከተወጉበት ቀን ወዲህ ወንበር ላይ ሆነው ነበር የሚሰግዱት፤ አሁን ምንጣፋቸው አሸዋው ላይ ተዘርግቷል፣ ወንበሩ የለም። ቂብላ ከባሕር ዳር ወደ ሐይቁ ነውና ፊታቸውን ለውኃው ሰጥተው ቆመዋል። እናቷ በጎን ቆማ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። አባቷ አጎነበሱ፣ ቀና አሉ። ከዚያ መውረድ ጀመሩ። ግራው ጉልበት ቀድሞ አሸዋ ነካ። ቀኙ መንገድ ላይ ቆመ፣ ተንቀጠቀጠ፣ እጃቸው አየር ላይ የሚይዘው ፈለገ። ስልኩ ተናወጠ፣ ነስረዲን ሊሮጥ ነው። "ተወው!" አለች እናቷ። ቆመ። ሐፍሳም አልጋዋ ላይ በጉልበቷ ቆማ እጇን ወደ ስልኩ ዘርግታለች፣ አንድ ጣት እንኳ ልታውሳቸው አትችልም። ቀኙ ጉልበት እየተንቀጠቀጠ ወረደ፣ ወረደ፣ ወረደና ምንጣፉ ላይ አረፈ። ግንባራቸው መሬት ነካ። እዚያ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ማንም ሳይደርስባቸው ቀና አሉ፣ ደግሞም ወደ ሁለተኛው ሱጁድ ወረዱ፣ ተነሥተው ቆሙ፣ እንደገና ወረዱ፤ ሲጨርሱ ላባቸው በጢማቸው ይወርዳል፣ ፊታቸው ያበራል። ሰላምታውን በቀኝና በግራ ሰጥተው ወደ ስልኩ ዞሩ።

"አየሽ?" አሉ፣ ሻርጃ ድረስ በሚሰማ ድምፅ።

"አየሁ አባ! አየሁ!"

ከዚያ እልል አለች። የምትኖርበት ክፍል በስስ ሰሌዳ የተከፈለ ነው፤ ከወዲያ በኩል የምትኖረው፣ ሌሊት ስትሠራ ያደረች ሴት ከእንቅልፏ ባንና ሰሌዳውን በጡጫ ደበደበችው። ሐፍሳ ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተች፣ የወጣው ግን ሌላ እልልታ ነበር፣ ከመጀመሪያውም የረዘመ።